ስም ማስገባት

ዶክተር ምንይሉ ወንበሮቹን ክብ አስደርድሮ፣ ራሱም እንደ ተማሪ ከመሃላቸው ተቀምጦ፣ «ይህ ክፍል የእናንተ ነው፤ እኔ የመጣሁት ልረዳችሁ እንጂ ልሞላችሁ አይደለም» ሲል ፀዲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ግን ይህንኑ ነገር ከዚሁ አፍ፣ በአማርኛ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አገር ቤት ሰምታዋለች። ያኔ ጸጉሩ አልሸበተም ነበር። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ሲጀምር ለስለስ፣ ሲጨርስ ደግሞ የተሰበሰበ ሰው እንዲያጨበጭብለት የሚጠብቅ ዓይነት። ሎስ አንጀለስን የሚያህል ከተማ ውስጥ ስንት ኮሌጅ፣ በየኮሌጁ ስንት መምህር ሞልቶ፣ ዕጣዋ እሱ ላይ ወደቀ።

ሌሎቹ ተማሪዎች ሰውዬው አያስተምርም እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ፀዲ ግን እንደነሱ ብላ አታውቅም። እሷ ያለችው ላለማስተማር ደሞዝ ይበላል ነው፤ ለእሷ ይኼ በጣም ይለያል።

ትምህርቱን ትታ መውጣት አትችልም። ኮሪያታውን ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች፤ ቀን ቀን በሁለት አውቶቡስ ቶራንስ ወርዳ አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ታስውጣለች። በዲቪ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፦ ነርስ መሆን። ለነርስነት ትምህርት ለማመልከት የቀራት ይህ የሰውነት አሠራር ኮርስ ብቻ ነው። ከቢ ዝቅ ካለባት ማመልከቻዋን የሚያይላት የለም፤ ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። እሷ ደግሞ ዓመት መጠበቅ ድሮ በቅቷታል።

ድሮ ማለት ያን ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂ ያስተማራት ይኸው ምንይሉ ነበር። ተማሪ ተኮር ትምህርት የሚባለው ነገር እንደ ጉንፋን ግቢውን ያዳረሰበት ወቅት ነው። መቶ ሃያ ተማሪ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ፣ ከየቡድኑ ጎበዙ መሪ ተደርጎ፣ መሪው ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። ስም ማስገባት ነውር አልነበረም፤ ደግነት ነበር። ያላስገባ ነው ጨካኝ የሚባለው። ፀዲ መሪ ሆነች፣ ሠራች፣ የሦስቱንም ስም አስገባች። ማቲያስ የሚባለውን ግን አንድም ቀን መልኩን ስላላሳየ ተወችው። ምንይሉ ቢሮው ጠርቶ የቡድን መንፈስ የለሽም አላትና ሲ ሰጣት። ማቲያስን ሌላ ቡድን ውስጥ ከተተውና ቢ አገኘ። ፋርማሲ ለመግባት የጎደላት ነጥብ ከጥፍር የቀጠነ ነበር። ያልፈለገችው ትምህርት ክፍል ተመደበች፤ በሁለተኛው ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ብቻዋን ነው። እንግሊዝኛውን ከስልክ፣ ሒሳቡን ሰው ከጣለው መጽሐፍ፣ የሰውነት ክፍሎችን ስም አሮጊቷን ስታጥብ እየነካካች። ማንም አላስተማረኝም ስትል ሌላ ሰው ዲግሪውን እንደሚጠራ አድርጋ ነው የምትናገረው።

ምንይሉ አላወቃትም። ስሟን ከዝርዝሩ ሲያነብ እንኳ ዓይኑ አልቆመም።

ለክፍሉ የሰጠው ሥራ ይህ ነበር፦ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቧደኑ፣ ስለ ሰውነት የምትፈልጉትን ጥያቄ ራሳችሁ አውጡ፣ ራሳችሁ መልሱት፣ ለክፍሉ አቅርቡት። ከጠቅላላው ውጤት ሲሶውን ይይዛል። ከማታውቁት ሰው ጋር ተቧደኑ ብሎ አደራ ቢልም ሦስቱ ሐበሾች ዓይን ለዓይን ተያይተው ወንበራቸውን ገጠሙ። አንዷ ፀዲ ናት። ሁለተኛዋ ሩቅያ፣ ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በጋሪ እየገፋች ከክፍል ክፍል የምታደርስ፣ ሳቂታ የሁለት ልጆች እናት። ሦስተኛው ጋሼ እንዳሻው ነው፤ ስድሳን ሊደፍን ትንሽ የቀረው፣ ፌርፋክስ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ መኪና የሚያቆም። በዚህ ዕድሜው ምን ፈልጎ ክፍል እንደገባ ፀዲ ጠይቃው አታውቅም።

ኩላሊት ይሁን ብላ የወሰነችው እሷ ናት፤ ምዕራፉን በቃሏ ትወጣዋለች። አሥራ አራት ገጽ ጻፈች። ሩቅያን ሥዕል አስለጠፈቻት። ለጋሼ እንዳሻው ደግሞ ስልክ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ አንተ አትልፋ» አለችው። «ስምህን አስገባልሃለሁ።»

ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ፀዲ ዝምታውን ምስጋና ነው ብላ ተቀበለችው። አንዴ ስም ሳላስገባ ቀርቼ ተቀጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሳሳትም ብላ፣ ከራሷ ስም በታች አሳምራ ጻፈችለት።

የማቅረቢያው ቀን ምንይሉ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። በውስጡ ስም የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች አሉ። ሕጉን ያስረዳው ያን ቀን አልነበረም፤ ከወር በፊት በሰጣቸው ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ፀዲ ግን የእሱን ወረቀት ለማንበብ ጊዜዋን አታባክንም ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ ከቡድኑ ስሙ የወጣለት ሰው ብቻውን ይናገራል፣ እሱ የሚያገኘው ነጥብ የሦስቱም ነው።

እጁን ከተተና አንዱን አወጣ። እንዳሻው።

ጋሼ እንዳሻው ቆቡን አውልቆ ተነሣ። በዚያ በተሰባበረ፣ ግን ጥንቃቄ በበዛበት እንግሊዝኛው፣ ወረቀቱን እንዳላነበበው፣ ማንም እንዳላሳየው፣ ስሙ ብቻ እንዳለበት ተናገረ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ማንንም አልከሰሰ። ተቀመጠ። ሩቅያ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ምንይሉ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዜሮ ነው አለ። ያልሠራን ሰው ስም ማስገባት በዚህ ኮሌጅ ማጭበርበር ነው፤ የመጀመሪያ ስለሆነ ለአንድ ሳምንት አሳድረዋለሁ፤ ሐሙስ እንደገና ዕጣ ይወጣል፤ ያኔም እንዲሁ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ዲኑ ይሄዳል። በሁለተኛ ጊዜ የሚቀርብ ሥራ ደግሞ ጣራው ቢ ነው። ፀዲ በልቧ ደመረች። ቢ ይበቃታል። ከዚያ አንዲት ነጥብ ብትወርድ ግን አለቀላት።

ክፍሉ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። በልቧ አንተ ካለችው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ በአፏ ግን አክብራው እርስዎ አለችው፣ አክብሮቱም እንዲቆረጥመው ፈለገች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ያስረዱኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ ልጅ ስም አላስገባም ስላልኩ ሲ ሰጡኝ። ዛሬ የአንድ ሰው ስም ስላስገባሁ ዜሮ ሰጡኝ። ትክክሉ የቱ እንደሆነ ይንገሩኝና ልረፍ።»

መነጽሩን አወለቀ። የት፣ መቼ፣ የትኛው ክፍል እያለ ጠየቃት፤ እሷም ሳትንተባተብ ቆጠረችለት።

«በአንድ አዳራሽ መቶ ሃያ ተማሪ ነበራችሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሃያ አራት ቡድን። የኔ ሰባተኛው ነበር።»

ያን ጊዜ ነገሩ ከላይ የመጣ እንደነበር፣ ከቡድን ውጪ የቀረ ተማሪ አለ ብሎ ሪፖርት መጻፍ እንደማይቻል፣ እሱም ራሱ መሥሪያ ቤቱን ፈርቶ እንደሠራ እያዘገመ ነገራት። ፀዲ እስኪጨርስ ታገሠችው።

«እዚህስ ከየት ነው የመጣው፣ ከላይ?» አለችው።

መነጽሩን መልሶ አጠለቀና ሐሙስ እንገናኝ ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ፌርፋክስ ወረደች። ፓርኪንጉ እንደ መሶብ ክዳን ጠባብ ነው፤ መኪናው ጀርባ ለጀርባ ተደርድሮ፣ የውስጠኛው ባለቤት ሲመጣ የፊተኞቹን ሁሉ ወደ መንገድ አውጥቶ መመለስ ግድ ነው። ጋሼ እንዳሻው ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። ፀዲ ሰላም ብላው ሳትጨርስ አሥራ አራቱን ገጽ ዘረጋችለት። ይህንን ይህንን በቃልህ ያዝ፣ የቀረውን ተወው፣ ሦስት ቀን ይበቃሃል አለችው።

ወረቀቱን አልነካውም።

«ስሜን አውጪው» አለ።

የማይሆን መሆኑን፣ ዶክተሩ ያንኑ ሦስት ሰው እንደሚፈልግ ነገረችው።

«ሳልጠይቅሽ አስገባሽው። አሁን እየጠየቅኩሽ ነው፣ አውጪው።»

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜህ ከኔ ጋር እልህ ትጋባለህ? ነገ የኔ ማመልከቻ ቢወድቅ አንተ ምን ይቀርብሃል? መኪናህን ታቆማለህ።»

ይህን ማለቷን ካለች በኋላ ነው የሰማችው። ጋሼ እንዳሻው ግን አልተቆጣም፤ ከመቆጣት የባሰ አደረገ፣ ቆጠረላት። ሁለት ቀን ላይብረሪ መጥቼ ነበር አላት። ሰደርያዬን ሳላወልቅ፣ ከሺፍቴ ላይ አንድ ሰዓት ለምኜ። በመጀመሪያው ቀን ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ ጨርሰነዋል አልሽኝ። በሁለተኛው ቀን የጆሮ ማዳመጫሽን አላወለቅሽም።

«ጥያቄ ነበረኝ» አለ። «ኩላሊት ስትሉ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። የማንን ጥያቄ ነው የመለስሽው አንቺ?»

ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ ቁልፏን ፈልጋ መጣች፤ መኪናዋ ያለው ከጥጉ ነው። ጋሼ እንዳሻው ሰደርያውን አውልቆ ለፀዲ ወረወረላት። እኔ እንዳነብልሽ ከፈለግሽ አንቺ መኪናውን አውጪ፣ ላይሰንስ አለሽ አይደል አላት። ላይሰንሱ አላት፤ ካወጣችው ወዲህ ግን መሪ ይዛ አታውቅም። ኩራቷ አይሆንም እንድትል አልፈቀደላትም። ሁለቱን መኪና ወደ መንገድ አወጣች። ሁለተኛውን ስትመልስ የሆነ ነገር ጎማው ሥር ተንኮሻኮሸ። ብርቱካንማው የፕላስቲክ ኮን ነበር፤ እንደ ቂጣ ተዳምጧል።

«አየሁት» አለ ጋሼ እንዳሻው ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ስትመለስ እስከ አምስተኛው ገጽ ደርሷል። ይኼ የኔን አይመልስም አላት። የእሱ ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ እዚህ መንገድ ላይ ሽንት ቤት የሚያስገባ የለም፣ ደንበኛ ካልሆንክ አይሆንም ይሉሃል፤ ሶ፣ ውሃ አልጠጣም። ውሃ ባልጠጣሁ ቀን ሽንቴ እንደ ሻይ ይጠቁራል። ጠጠር ያዘህ ብሎኛል ሐኪሙ። «አንቺ ኩላሊት ቆሻሻውን ለቅሞ ያወጣል ብለሻል። የሚለቅመው ቆሻሻውን ከሆነ፣ ውሃው መጉደሉን ማን ነገረው? በየት በኩል ነው ውሃውን የሚያስቀረው?»

ፀዲ አፏን ከፈተችና ከምዕራፉ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳትስት አወረደችለት።

«አንብቤዋለሁ እኮ» አለ። «ለምን ነው የምልሽ።»

ደገመችለት። በሦስተኛው መሃል ላይ ቆመች። አታውቀውም። ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ነገሩን አታውቀውም። ይህን ሁሉ ዓመት አስተማሪዋም ተማሪዋም ራሷ ስለነበረች፣ ተማሪዋ ያልገባትን አስተማሪዋ ጠይቃት አታውቅም። በፀሐዩ ላይ የእፍረቱ ሙቀት ተጨመረና ላቧ ጀርባዋ ላይ ወረደ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥታ በሄደች ነበር፤ አሁን ግን መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ የቆመ ቶዮታ ኮፈን ላይ ዘረጋችው። እሱ መነጽሩን አደረገ። እየተነጣጠቁ አነበቡ፤ እሷ ስትቸኩል እሱ ገጹን በጣቱ ይይዝባታል፣ እሱ በዘገየ ቁጥር እሷ ትተነፍሳለች። መኪና ሲመጣ እየሮጠች ታቆማለች። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ የተጻፈ፣ ሁልጊዜ የምትዘለው መስመር ላይ ደረሱ፦ ኩላሊት በቀን ከደም መቶ ሰማንያ ሊትር ፈሳሽ ያወጣል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ወደ ሊትር ተኩል ነው። የቀረውስ?

ፀዲ የሰው ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ከፊቷ ሦስት መኪና መንገድ ላይ ወጥቶ ተራውን ይጠብቃል።

«አይለቅምም» አለች ቀስ ብላ። «ቆሻሻውን አይለቅምም። ሁሉንም ነው የሚያወጣው።»

ጋሼ እንዳሻው እሷ የምታየውን አየ። ሳቁ መጣበት።

«ሶ፣ መጀመሪያ መኪናውን ሁሉ መንገድ ላይ ያወጣል፣ ከዚያ ትኬት ያለውን ብቻ ይመልሳል። ትኬት የሌለው፣ ቆሻሻው፣ እዚያው ይቀራል።»

«ውሃ ሲጎድል ደግሞ» አለች ገጹን እያሳደደች፣ «ውሃውን ሁሉ መልስ የሚል ትዕዛዝ ከአንጎል ይመጣል።»

«ከላይ?»

«ከላይ» አለች፤ ሳትወድ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ግን መልሳ አኮሳተረችው። ሩቅያን በስልክ ጠሯት፤ ከሥራ ስትወጣ በዚያው መጣች፤ ኮኑን አይታ ይኼ የማን በሽተኛ ነው ብላ ጠየቀች፣ ጋሼ እንዳሻውም የፀዲ ነው አላት።

ሐሙስ ዕለት ከቆርቆሮው የወጣው ስም የፀዲ ነበር።

ተነሣች። ደስ አላት እንጂ አልደነገጠችም፤ በመጨረሻ መውጣት ያለበት ስም ወጣ ነው ያለችው። በእንግሊዝኛ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። እየፈሰሰላት ሄደ። ምንይሉ እጁን አነሣ።

«ይህ ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። መጽሐፉ ሁላችንም ጋ አለ። አንቺ ምን ፈልገሽ ነው ያነበብሽው?»

አንድ ቃል ብትጨምር የሚወጣው ያ ዘጠኝ ዓመት ያደረ ንዴት እንደሆነ አወቀች። ጋሼ እንዳሻውን አየችው። እሱ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እያዞረ መሬት መሬቱን ያያል፤ ሊረዳት አልፈለገም። መጠየቁን ጠይቋል፤ የቀረው የእሷ ነው።

«ጥያቄው የኔ አይደለም» አለች። «የአቶ እንዳሻው ነው። ውሃ መጠጣት በማይቻልበት ሥራ ላይ ነው የሚውሉት። ኩላሊታቸው ውሃውን በየት በኩል እንደሚያስቀርላቸው ማወቅ ፈለጉ። እኔ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አላውቀውም ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ስትል ጥርሷ ተንገጫገጨ። ከዚያ ግን ፓርኪንጉን ሣለችላቸው፤ መኪናውን አወጣችው፣ ትኬት ያለውን መለሰችው። አንድ ልጅ ከወዲያ በኩል ታዲያ የስኳር በሽተኛ ሽንት ውስጥ ስኳር ለምን ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ይህን አላነበበችም። ምንይሉ ቡድኑ ይመልስ ሲል ጋሼ እንዳሻው ቆቡን አስቀመጠ። ትኬት ያለው መኪና ሲበዛ በረኛው አይደርስበትም አለ፤ ትኬቱን ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል፣ በየቅዳሜው አየዋለሁ። ሰው ሳቀ፤ ምንይሉም ሳቀ። ፀዲ አልሳቀችም።

ቢ አገኙ።

ሁሉም ሲወጣ ምንይሉ ጠራት። መዝገቡ የለኝም፣ አንቺንም አላስታውስም፣ ግን እውነትሽን እንደሆነ አምኛለሁ አላት። ለነርስነት ማመልከቻዋ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት እንደሚፈልግም ጨመረ።

«ይጻፉ» አለችው። «የያኔውን ሲ እንዴት እንደሰጡኝም ይጻፉበት።»

እንዲህ ያለ ነገር በድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጻፍ በትዕግሥት አስረዳት።

«እንግዲያው አይጻፉ» ብላ ወጣች። አልተጸጸተችም።

የቀረው አንድ ፎርም ነበር፦ እያንዳንዱ ለቡድን ጓደኞቹ ከመቶ ነጥብ ሰጥቶ በምስጢር ያስገባል። ፀዲ ለጋሼ እንዳሻው ዘጠና ሰጠችው። ዘጠናዋን ለመጻፍ አውቶቡስ ውስጥ ከቶራንስ እስከ ኮሪያታውን ወሰደባት፤ ለሰው ዘጠና ሰጥታ አታውቅም። በሳምንቱ ማመልከቻዋን አስገብታ ስትመለስ በፓርኪንጉ በኩል አለፈች። ለምን እንዳለፈች ለራሷም አልነገረችም።

«ሰባ ሰጥቼሻለሁ» አላት ጋሼ እንዳሻው ሳትጠይቀው።

«ሰባ?»

«ሰባ።»

«ሠላሳው ለአንድ ኮን ነው?»

«ለኮኑ አሥር ነው» አለ። «ሃያው ለስልኩ ነው።»

የትኛው ስልክ ልትል ነበር። «አንተ አትልፋ» ያለችው ትዝ አላት። እሱ ከጃንጥላው ሥር መጽሐፉን ገልጧል፤ የልብ ምዕራፍ ነው፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ሦስት ጥያቄ ጽፏል። ኮርሱ አልቋል እኮ ጋሼ አለችው። ላንቺ ነው ያለቀው አላት።

ከመግቢያው ላይ ሁለት መኪና ተከታትሎ ቆመ፤ የኋለኛው ጥሩምባውን ነፋ። ጋሼ እንዳሻው ዓይኑን ከገጹ ሳያነሣ ሰደርያውን ወረወረላት። ፀዲ ያዘችው። ሰባ፣ ሰባ እያለች፣ ዚፑን እየጎተተች ወደ መኪናው ሄደች።